መቀነቴን የፈታሁበት ሐዘን

ስታስነጥሱ እግራችሁን የምታቆላልፉ፣ ሰው ሲያስቃችሁ ከመሳቃችሁ በፊት በሩ በየት በኩል እንደሆነ የምታዩ ሴቶች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሌላው ሰው ነገሩ ላይገባው ይችላል፤ እናንተ ግን ስለ ምን እንደምናገር ከወዲሁ አውቃችኋል። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል መሐል ሜዳ ተምሬአለሁ፣ ሆኖም እጄ ከብዕር ይልቅ እንዝርት ለምዷል። ደግሞም ባለቤቴን ተሾመን ሳላነሣ ይህን ሕመም መናገር አልችልም፤ ስሙ ጋ ስደርስ ብዕሩን አስቀምጬ እወጣለሁ፣ ግቢውን ዞሬ እመለሳለሁ።

ሦስተኛዋን ልጃችንን ሰላምን የወለድኩት ቤቴ ነው። ምጡ ረዥም ነበር፤ አዋላጇ እንኳ ደክሟት ግድግዳ ተደግፋ ነበር። ከአልጋ በተነሣሁ ጊዜ አማቴ እማማ ጥሩወርቅ ወገቤን በረዥም መቀነት ጠቅልለው ጥፍንግ አድርገው አሰሩልኝ። «አራስ ወገቧን ካልታጠቀች ሆዷ እንደተከፈተ ይቀራል» አሉ። እናቴም በፊቶቹ ልጆች ጊዜ እንዲሁ አድርጋልኝ ነበርና ምንም አልመሰለኝም። በእኛ አገር ሴት ስትወልድ ትታጠቃለች፣ ሸክም ስትሸከም ትታጠቃለች፣ ሐዘን ሲመጣም ትታጠቃለች።

በሰላም ክርስትና ዕለት ልጄን ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ ሳለሁ የዕጣኑ ጢስ አስነጠሰኝ። ሞቅ ያለ ነገር በእግሬ ወረደ። ልጄን ለክርስትና እናቷ አቀብዬ፣ ራሴን ያዞረኝ መስዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ውስጥ አልገባሁም። ቅዳሴውን ከቅጥሩ ውጪ ጽድ ሥር ቆሜ እሰማለሁ፤ ያውም አንዴ በዚህ እግሬ አንዴ በዚያ እየቆምኩ።

እየቆየ ባሰ። እንስራ ሳነሣ፣ ቁልቁለት ስወርድ፣ ስስቅ፣ ልጅ ብድግ ሳደርግ ያመልጠኛል። ከታች የሆነ ነገር ሊወርድ የተንጠለጠለ ይመስለኛል። ውኃ መጠጣት ተውኩ፤ መንገድ ስሄድ ከእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ኋላ ሳልቀመጥ አላልፍም። ሰው ቤት ስገባ ከዱካው ጫፍ ላይ ነው የምቀመጠው። አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ የሚባለውን ነገር ረሳሁት። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ነቅቼ አልጋውን በእጄ እዳስሳለሁ፤ ደረቅ ሆኖ ሳገኘውም እንቅልፍ አይመለስም።

መሐል ሜዳ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሌላው ሰው የመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ግን እንዳላረጥበው ቆሜ ነው የጠበቅኩት።

«ሽንትሽ ያቃጥልሻል?» አለኝ ሐኪሙ።

«አያቃጥለኝም።»

«ታዲያ ምን ያደርግሻል?»

«ሳይጠይቀኝ ይሄዳል።»

ሳቅ አለና ኢንፌክሽን ነው ብሎ ክኒን ሰጠኝ። ክኒኑ አለቀ፣ ነገሩ ግን እንዳለ ነው። ሌላ ቦታ ሌላው ደግሞ ብርድ ነው፣ ወገብሽን አሙቂ አለኝ። ወገቤንማ ከእኔ በላይ ማን አሙቆት። ተራዬ ሳይደርስ ያመለጠኝና ወደ ቤቴ የተመለስኩበት ቀንም አለ።

ተሾመ ያወቀው ጎህ ሳይቀድ ቀሚሴን ሳጥብ አግኝቶኝ ነው። የመንዝ ባና ሸማኔ ነበር፤ እኔ የበግ ጠጉር እፈትላለሁ፣ እሱ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ይሠራል፣ ቅዳሜ ገበያ እናወጣለን። ምንም አልጠየቀኝም። በማግሥቱ እንስራውን አህያ ላይ ጭኖ ውኃ ሊቀዳ ወረደ። መንደሩ ሳቀበት።

«ተሾመ፣ ሴት ሆንክ አሉ» አለችው ጎረቤታችን የሺ።

«ውኃ የምትቀዳው አህያዋ ናት። እኔ ሸኚ ነኝ» አላት።

በኋላ፣ በአልጋው ላይ በእኔ በኩል አጎዛ አነጠፈልኝ። «የማንም ቤት ጣራ ያፈሳል፣ አስካለ» አለኝ፤ «ደብረ ብርሃን እንሂድ።»

የአውቶቡሱን መንገድ ለማታውቁት፣ ጉድጓዱ ብዙ ነው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ እጥብቅ ብዬ፣ ጥርሴን ነክሼ ደረስን። በሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ከመርሐቤቴ የመጣች ሴት ስቁነጠነጥ አየችኝና ጠጋ አለች።

«አንቺም ነሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ምን እንደሆንኩ አልጠየቀችም፤ «አዎ» አልኳት። ተነሥታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። «እዚህ ሁኚ፤ መጸዳጃው በዚህ ነው» ብላ እሷ ከራቀው ወንበር ተቀመጠች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። እስካሁን ስጸልይ «መርሐቤቴዋ» እያልኩ ነው የማነሣት።

የመረመረችኝ ሲስተር ኅሊና የምትባል ባለሙያ ናት፤ ከወሊድ በኋላ የተጎዳ ሰውነትን በእንቅስቃሴ ማከም የተማረች። በዕድሜ ታናሼ ብትሆንም ሐኪም ናትና አንቱ እላታለሁ። «የጠፍር አልጋ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«እተኛበት የለም እንዴ።»

«ከዳሌሽ ሥር እንደዚያ ጠፍር የተወጠረ ጡንቻ አለ። ፊኛሽም ማሕፀንሽም የሚቀመጡት በላዩ ነው። ረዥም ምጥ ሲያልፍበት ይረግባል። ሲረግብ የላዩ ሁሉ ወደ ታች ይመጣል፣ ሽንቱም አልያዝ ይላል። አንቺ ጋ ብዙም አልወረደም፤ ኦፕራሲዮን አያስፈልግሽም።»

«ክኒኑስ?»

«ክኒን የለውም። ጡንቻ ነውና በሥራ ይጠነክራል። በየሳምንቱ እየመጣሽ አሠራሻለሁ።»

እኔና ተሾመ ተያየን። እሷም ገባት። «ከመንዝ የሚመጡት ሁሉ አንዴ መጥተው ይቀራሉ» አለች። «ስልክ አላችሁ?»

ሞባይል ወደ እኛ አገር የገባ ሰሞን ነበር። ተሾመ ለባና ደንበኞቹ ብሎ ገዝቶ ነበርና ከኪሱ አውጥቶ እንደ ባላባት ቁጥሩን ነገራት። ሲስተር በስልክ ልታሠራኝ፣ እኔም በቤቴ ሆኜ ልሠራ ተስማማን። ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ ስልኩን እያሳየኝ «ሐኪምሽን በኪሴ ይዤ ነው የምሄደው» ይለኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ተሾመን ሆዱን ቆረጠው። ቃሬዛ ላይ አድርገው ወደ መሐል ሜዳ ሲወስዱት መንገድ ላይ ዐረፈ።

እዚህ ጋ ተነሥቼ ነበር። ተመልሻለሁ።

በእኛ አገር ሚስት ለባሏ ቁጭ ብላ አታለቅስም። ትነሣለች፣ መሐል ትገባለች፣ እየዘለለች ደረቷን ትመታለች፣ ሙሾ ታወርዳለች፤ ሕዝቡ ይቀበላታል። እኔም ተነሣሁ። አንዴ ዘለልኩ፣ ጮኽኩ፣ ወዲያው እግሬ ራሰ። ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴን አቅፌ፣ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስቤ፣ እስከ መጨረሻው አልተነሣሁም። እማማ ጥሩወርቅ በዚያ ዕድሜያቸው ለልጃቸው መሐል ገብተው ሲወድቁ ሲነሡ እኔ ተቀምጬ አየኋቸው። ሴቶቹ ከጀርባዬ ያሉትን ሰምቻለሁ። «አስካለ ድንጋይ ናት» አሉ። «ዓይኗ በር በሩን ነው የሚያየው፤ መውጣት ፈልጋ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በሩን ነበር የማየው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቴ በሙሉ ዓይናቸው አላዩኝም። ልጄን ሰላምን ከእጄ ይቀበሉኛል፣ ምሳ ይበላሉ፣ «ተመስገን» ይላሉ፤ ከዚያ በቀር ቃል የለም። ሌሊት የምፈራው ሕመሙን መሆኑ ቀርቶ ይኸው ሆነ። ባሌ ሳይለቀስለት አፈር ገባ፤ ያላለቀስኩለት እኔ ነኝ።

ቤት መቀመጥ ስላልቻልኩ ከመንደሩ በላይ ወዳለው ጋራ መውጣት አበዛሁ። ስልኩ የሚሠራው እዚያ ብቻ ነው። የተሾመን ስልክ ይዤ ነፋሱ ላይ እመላለሳለሁ። አንድ ቀን ጮኸ።

«ተሾመ፣ ባናው ደረሰ ወይ?» አለ ከዓለም ከተማ የደወለ አንድ ነጋዴ።

«ሚስቱ ነኝ» አልኩት። «ተሾመ የለም።»

«ሲመጣ ንገሪው እንግዲህ።»

«አይመጣም። ዐርፏል።»

ሰውየው «እግዜር ያጽናሽ እቴ» ብሎ ዘጋው። ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ወዲያው ደግሞ ጮኸ። ሲስተር ኅሊና ነበረች፤ እሷም ተሾመን ጠየቀች፣ ለእሷም ነገርኳት።

«ይቅርታሽን፣ አስካልዬ። ሐዘን ላይ ነሽ፣ ሌላ ጊዜ ልደውል?»

«አይ፣ ሲስተር» አልኳት። «ሙት ዓመቱ ሲደርስ ሕዝብ ይሰበሰባል። ያን ቀን ተነሥቼ ማልቀስ አለብኝ። በቆምኩበት እንዳይወርደኝ ያድርጉኝ። ሌላ የምለምንዎት የለኝም።»

«ቃል አልገባልሽም። ግን ጊዜ አለን፤ ዛሬ እንጀምር» አለች።

ነፋሱ ድምፅዋን ይቆራርጠዋል። «...ጠበቅ አድርጊ... ቆይ... ላላ... ደግሞ ጠበቅ...» የሰማሁት ይህን ነው። በደንብ የገባኝ መሰለኝ። በመንዝ ለሴት «ጠበቅ አድርጊ» የሚባለው ስለ መቀነቷ ነው። ለሐዘን የታጠቅኩትን ጥቁር መቀነት ፈትቼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ከበፊቱ አጥብቄ አሰርኩት። ጠዋት አጠብቃለሁ፣ ማታ አላላለሁ፣ ሳስረው ደግሞ ትንፋሼን ይዤ ወደ ታች እገፋለሁ። እንዲህ ሆኜ ሳምንታት ሄዱ። ሲስተር በደወለች ቁጥር «እየሠራሽ ነው?» ትለኛለች፤ እኔም «እየሠራሁ ነው» እላለሁ። ከታች የተንጠለጠለው ግን ጭራሽ እየወረደ፣ ሳልስልም ሳልስቅም፣ ቆሜ እንኳ ያመልጠኝ ጀመር። ሙት ዓመቱ እየቀረበ ነው፤ እኔ እየባስኩ። ይህች ልጅ በስልክ የምታሠራኝ ለይስሙላ ነው ብዬ ልተዋት አሰብኩ።

አንድ ቀን ነፋሱ ጋብ ብሎ ድምፅዋ ጥርት ብሎ መጣ።

«እስቲ አሁን እየሰማሁሽ ሥሪ። እየሠራሽ ደግሞ አውሪኝ።»

«ምን ላውራ?»

«ምንም። ስለ ልጅሽ አውሪኝ።»

መቀነቱን ሳብኩት፣ ትንፋሼን ያዝኩ። «ሰላም... እ... ጥርስ...»

«ቆይ፣ ቆይ» አለች። «የምታምጥ ሴት ነው የምትመስዪው። ምንሽን ነው ያጠበቅሽው?»

«መቀነቴን ነዋ።»

«መቀነትሽን?» አለች።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ጠበቅ አድርጊ ያሉኝ?»

ከወዲያ በኩል ሳቅ ልታፍን ስትታገል ሰማኋት፤ አልቻለችም። እኔም መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ በጋራው ላይ ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ። ተሾመ ከሞተ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው፤ እግሬም በዚያው ራሰ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች በኋላ። «ስለ መቀነት መጠየቅ ነበረብኝ። ስሚኝ። የጥርስ ሳሙና ሲጨመቅ አይተሻል? ሆድሽን በመቀነት ስታፍኚው ያለው ሁሉ ወደ ታች ይወጣል። ትንፋሽ ይዘሽ ስትገፊም እንደዚያው ነው። መቀነቱን ፍቺው። ዛሬውኑ።»

«ሲስተር፣ ሐዘንተኛ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። አላልተሽ ልታሰሪው ትችያለሽ፣ ሆድሽን ግን እንዳይጭነው። ደግሞ 'ጠበቅ' የሚለውን ቃል ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ። ምን ሥራ ትሠሪያለሽ?»

«እፈትላለሁ።»

«ስትፈትይ እጅሽ ምን ያደርጋል?»

«ክሩን ወደ ላይ ይስባል።»

«ስትስቢ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ?»

«እንዴት እይዛለሁ? እያወራን አይደል የምንፈትለው።»

«በቃ እሱ ነው። ሽንትና ፈስ እንዳያመልጥሽ እንደምትይዢ አድርገሽ፣ ከታች ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢው፣ እንደ ክር። ሆድሽ አይወጠር፣ ቂጥሽ አይጨበጥ፣ እስትንፋስሽ አይቋረጥ። ክሩን እንዝርቱ ላይ ስትጠቀልዪ ሙሉ በሙሉ ልቀቂው። መልቀቁም ሥራ ነው። ሽንት እየሸናሽ ግን እንዳትሠሪው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዝርት ባነሣሁ ቁጥር ሁለት ክር እስባለሁ፣ አንዱን ሰው ያየዋል። መጀመሪያ ላይ ምንም የሚነቃነቅ አልነበረም፤ የሌላ ሰው ገላ ይመስል ዝም አለኝ። ጋራው ላይ እረኞችም መንገደኞችም ስለሚያልፉ ከሲስተር ጋር ስናወራ «ክር» እያልን ሆነ። «ስንት ሳብሽ? ቀጠነ ወይስ በረታ? ሳይበጠስ ቆየልሽ?» ትለኛለች። የሺ አንድ ቀን ማገዶ ተሸክማ ስታልፍ ሰማችን።

«አስካለ፣ ይሄ ሁሉ ክር ለማን ነው?»

«ለአንዲት የደብረ ብርሃን ሴትዮ።»

«ጥሩ ትከፍላለች?»

«በነፃ ነው።»

«ምስኪን» አለች የሺ፣ «ባልሽ ከሞተ ሁሉ ያሞኝሽ ጀመር።»

የከበደኝ የእማማ ጥሩወርቅ ነገር ነው። መቀነቴ ላልቶ ባዩኝ ቀን ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና ሳይሉ ተናገሩኝ።

«ወገብሽን ፈታሽ?»

«አላላሁት፣ እማማ።»

«ገና ዓመት ሳይሞላው።»

«ሐኪሟ ናት ያለችኝ።»

«ሐኪሟ ባል ሞቶባታል?»

ወጥቼ ልሄድ ነበር፤ እንደ ልማዴ ዓይኔ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እማማ፣ ያን ቀን ያልተነሣሁት ስላላዘንኩ አይደለም። ተነሥቼ ነበር። እግሬ ላይ ወረደ። ሰላምን ከወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ተሾመ ውኃ ይቀዳ የነበረው ለዚህ ነው።»

ምስሩን መልቀም አላቆሙም። ጠጠር አወጡ፣ ሌላ አወጡ።

«ልጄ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ሚስቱ ናላውን አዞረችበት እያልኩ ስቆጣው ከረምኩ» አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር ለእናት ይደበቃል?»

«ማን አፍ አውጥቶ ይናገራል፣ እማማ?»

ምስሩን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን፣ ልጆቹ ሲወጡ ጠብቀው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ያ ክር የምትሉት ነገር፣ ለአሮጊትም ይሆናል?»

«ልጠይቅልዎ።»

«ለጎረቤቴ ነው በያት። ስሜን እንዳትጠሪ።»

ሲስተር እንደሚሆን ነገረችኝ። ቆይቶ ማታ ማታ ሁለታችን እሳቱ ዳር እንዝርት ይዘን ስንቀመጥ ጨዋታ እናበዛ ነበር፤ ትንፋሽ እንዳይያዝ። ስለ ተሾመ ሕፃንነት ያወሩልኝ ያን ጊዜ ነው።

በሳምንት ዳንኩ አልላችሁም። ወር አለፈ፣ ሌላ ወር አለፈ። አንድ ሰሞን ጉንፋን ያዘኝና ያሻሻልኩት ሁሉ ተናደ፤ እንዝርቱን ወርውሬ አልቅሻለሁ። ሲስተር በስልክ «ሳዪ» ትለኛለች፤ ጋራው ላይ ቆሜ እስላለሁ። «አሁንስ?» ትላለች። «ጠብ አለ» እላለሁ። «ከመሳልሽ በፊት ሳቢ፣ ከዚያ ሳዪ» ትለኛለች። ይቺ ነገር ናት ብዙ የረዳችኝ፤ ከመሳል፣ ከማስነጠስ፣ እንስራ ከማንሣት በፊት አስቀድሞ መሳብ። ውኃም እንደ ልቤ እንድጠጣ አስገደደችኝ። እየቆየ ከገበያ እስክመለስ ቁጥቋጦ ኋላ የማልቀመጥበት ቀን መጣ። አንድ እሑድ ቅዳሴ ተጀምሮ እስኪያልቅ ከቅጥሩ ውስጥ ቆምኩ። መዝለሉን ግን አልሞከርኩትም፤ ፈራሁ። ሲስተርም «እሱን በልቅሶው ቀን ነው የምናየው» አለችኝ፤ እሷም መፍራቷን ከድምፅዋ አውቄባታለሁ።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ጸሎቱ አልቆ ሕዝቡ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው መስክ ተሰበሰበ። ሴቶቹ በቀብሩ ቀን እንደነበሩት ነበሩ፤ የሺም አለች። ዱካ ላይ፣ ጫፉ ላይ፣ ተቀምጫለሁ። ልቤ ዘለለ፣ እግሬ ግን እምቢ አለ። አልቃሿ ሁለት ጊዜ ስሙን ጠርታ ወደ እኔ አየች። ዝም ስል ማጉረምረም ተጀመረ። እማማ ጥሩወርቅ ከጎኔ ነበሩ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው «እያወራሽ፣ ልጄ። ትንፋሽሽን እንዳትይዢ» አሉኝ።

ተነሣሁ። መሐል ገባሁ። ከመሞቱ በፊት የጀመረው ባና ገና የሽመና እንጨቱ ላይ ነበር፣ በተከፈተው በር ይታያል፤ ማንም አልነካውም፤ ዓይኔ የሄደው ወደዚያ ነው። ሳብኩና ዘለልኩ፣

*የጀመርከው ባና ከእንጨቱ ሳይወርድ፣*
*ማን ጠራህ ጌታዬ በዚህ በክፉ ብርድ።*

ሕዝቡ ተቀበለኝ። ደግሜ ዘለልኩ፣ ደረቴን መታሁ፣ ደግሜ አልኩት። ከዚያ በኋላ መሳቡንም መልቀቁንም ረሳሁት። ምን ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ሰዎች ናቸው በኋላ የነገሩኝ። ሴቶቹ ይዘው ሲያስቀምጡኝ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። እጄን በነጠላዬ ሥር ሰድጄ ቀሚሴን ዳሰስኩ። ደረቅ ነው።

አሁን ደህና ነኝ። ከባድ ጉንፋን ሲይዘኝ ጠብ የምትል አትጠፋም፤ አላፍርባትም፣ ክሬን አነሣለሁ። እናንተም መጀመሪያ ለሚመረምራችሁ ሰው አሳዩ፣ ተናገሩ፣ ቃሉን በደንብ ሰምታችሁ እንደሆነ ደግማችሁ ጠይቁ፣ ወገባችሁን አላሉ። ያን ማታ ጋራው ላይ ወጥቼ ሳለሁ ሲስተር ደውላ «እንዴት ሆነ?» አለችኝ። «አለቀስኩ» አልኳት። ሌላ የምነግራት ነበረኝ፣ ግን አልቻልኩም። ዓመቱን ሙሉ ገላዬን ስጠብቅ ከርሜ፣ ተሾመ እንደሌለ ያወቅኩት ገና ያን ቀን ነው።